ወደብ ላይ በዓል ሲኖር ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምሩ

የበዓል ምሽት ወደብ ውስጥ የጥበቃ ጀልባ ላይ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ርችቱ ነው። «ከውኃ ላይ ሲያዩት ያምራል አይደል?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላየውም። ርችቱ ሲተኮስ ጀርባዬን ሰጥቼው ጀልባዎቹን ነው የማየው። ሥራው እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ውኃ ላይ የሚከበር በዓል አስተባብሩ ለተባላችሁ ነው። ቤተሰብ ጭናችሁ ለማየት የምትወጡም ብታነቡት አይከፋም። አብዛኛው አዘጋጅ ጉልበቱን የሚጨርሰው መክፈቻው ላይ ነው። የጀልባ ሰልፉ ስንት ሰዓት ይነሳል? የትኛው ከፊት ይሄዳል? የክብር እንግዶቹ የት ይቀመጣሉ? ስለ መመለሻው ሲጠየቅ ግን «ከዚያማ ሰው ወደየቤቱ ይሄዳል» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምፈራው ያንን ሰዓት ነው።

ሲመጡ እኮ ተንጠባጥበው ነው የሚመጡት። ከሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ ይገባሉ። ብርሃን አለ። ነጂው አልደከመም። ሲመለሱ ግን የመጨረሻዋ ርችት እንደፈነዳች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሞተር ያስነሳሉ። ጨለማ ነው። ዓይን በብልጭታ ደንዝዟል። ልጆች ደክሟቸው ይነጫነጫሉ። የቀመሰም አይጠፋም። መውጫው ደግሞ ያው አንድ ነው፤ አንድ በር ብቻ ያለው አዳራሽ በሉት። ስለዚህ ዕቅድ ስናወጣ ከመጨረሻዋ ርችት ተነስተን ወደ ኋላ ነው የምንመጣው።

ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች ገለጻ ሲሰጥ ሁለት አደጋዎችን ሳላነሳ አላልፍም። ሁለቱም የደረሱት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጁላይ 4 ቀን ኒው ዮርክ አጠገብ ኦይስተር ቤይ በሚባል ቦታ የነፃነት ቀን ርችት አይታ የምትመለስ የግል ጀልባ ተገለበጠች። ርዝመቷ 34 ጫማ፣ ማለትም 10 ሜትር ገደማ ነበር። የተሳፈሩት 27 ሰዎች ነበሩ። ሦስት ልጆች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ላማ 4 የምትባል ጀልባ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ይዛ የብሔራዊ ቀን ርችት ለማየት ስትሄድ ከሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ጋር ተጋጨች። 39 ሰው አለቀ፤ ስምንቱ ልጆች ናቸው። በኋላ ሲመረመር፣ ውኃ እንዳይዘልቅ መኖር የነበረበት በር ጭራሽ አልተገጠመም። ለልጆች የሚሆን ላይፍ ጃኬትም አልነበረም።

ከመጀመሪያው የምንማረው ስለ ጭነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ግን አዘጋጆች የሚዘነጉትን ነገር ያስታውሳል። የእናንተ በዓል ለሌላው ተራ የሥራ ቀን ነው። የሕዝብ ማመላለሻው በሰዓቱ ይመጣል። ዓሣ አስጋሪው ይወጣል። የጭነት መርከቡ በቀጠሮው ይገባል። እነዚህ ሰዎች ስለ ሰልፋችሁ ላይሰሙ ይችላሉ። እኛ ከበዓሉ ሳምንታት በፊት ለእያንዳንዱ የማመላለሻ ድርጅት ካርታና ሰዓት የያዘ ወረቀት እንልካለን። መላክ ብቻ አይበቃም። ደውላችሁ «የዚያን ምሽት ተረኛ ካፒቴኑ ማነው? ደርሶታል?» በሉ። ወረቀት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የመቅረት አመል አለው።

ወደ መመለሻው ልሂድ። ወደቡን በካርታ ላይ ሸንሽነን ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር እንሰጣለን። ትልልቆቹ ጀልባዎች ውኃው ጥልቅ ወደሆነበት ወደ ውጪኛው ክፍል ይሄዳሉ። ትንንሾቹ ወደ ዳር። ካያክና መቅዘፊያ ጀልባ ያላቸው ሞተር የማይገባበት የራሳቸው ጥግ አላቸው። በመሃል ማንም መልህቅ የማይጥልበት ባዶ መስመር ይቀራል፤ ግራና ቀኙ መብራት ባላቸው ተንሳፋፊ ምልክቶች ይታጠራል። ይህ መስመር ለአምቡላንስ ነው። ከየትኛውም ክፍል ተነስቶ አምቡላንስ የቆመበት ማረፊያ ድረስ ያደርሳል። «ባዶ ቦታ አለ፣ ለምን አንገባም?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። አንዱን ካስገባችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መስመር የሚባል ነገር አይኖርም።

አወጣጡ በቁጥር ነው። ለመውጫው የቀረበው ክፍል መጀመሪያ ይለቀቃል። ከፊት አንድ የጥበቃ ጀልባ ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ በ5 ኖት ይመራል፤ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እሱን ማንም አይቀድምም። ያኛው ክፍል ወጥቶ ጅራቱ መውጫውን ሲያልፍ ቀጣዩ ይለቀቃል። የመጨረሻው ክፍል ረጅም ሰዓት ይጠብቃል፤ ያማርራልም። ስለዚህ ሲገቡ ጀምሮ «እዚህ የቆመ መጨረሻ ነው የሚወጣው» ብለን እንነግራቸዋለን። የቸኮለ ያኔውኑ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

አንድ የተማርኩት ነገር፦ ሰው በመመሪያ ብቻ አይቆምም። ምክንያት ስጡት። ርችቱ አልቆ ሁሉም ነገር ዝም ካለ ሰው ወዲያው ይነሳል። ዳር ላይ ያለው ሙዚቃ ለግማሽ ሰዓት ከቀጠለ፣ አስተዋዋቂው ቀልድ እየጣለ «ክፍል 3 ገና ነው፣ ተረጋጉ» ካለ፣ ግማሹ ሕዝብ ተደላድሎ ይቀመጣል። ይህን ለበዓል ኮሚቴ ለማስረዳት መከራዬን ነው ያየሁት። የሙዚቃ በጀት ከደኅንነት በጀት ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። በጣም ይገናኛል።

ግማሽ ሰዓቱ ለዓይንም ይጠቅማል። የሰው ዓይን ከኃይለኛ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ርችት አፍጥጦ ያየ ነጂ ወዲያው መሪ ቢጨብጥ ፊቱ ያለችውን መብራት የሌላት ትንሽ ጀልባ አያያትም። እኔ ለነጂዎች የምላቸው ቁርጥ ያለ ነው። አንድ ሰው ርችቱን አያይም፤ እሱም ነጂው ነው። ቆብ ያድርግ፣ ዓይኑን ወደ ውኃው ይመልስ፣ የስልኩን ብርሃን ይቀንስ። ማየት ካማረው ሌላ ቀን ተሳፋሪ ሆኖ ይምጣ። ደግሞ እባካችሁ በእጅ የሚያዝ ትልቅ ባትሪ በሌሎች ጀልባዎች ፊት ላይ አታብሩ። መንገድ ያሳያል ብላችሁ የሌላውን ነጂ ታሳውራላችሁ።

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር፣ የጀልባ መብራት ለጌጥ አይደለም። በጎን ያሉት ቀይና አረንጓዴ ናቸው፤ ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ። ኋላ ነጭ። ከሩቅ የምታየው ቀለም ያ ጀልባ ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ከታዩህ ወደ አንተ እየመጣ ነው። ነጭ ብቻ ከሆነ ምናልባት ጀርባውን ነው የምታየው፣ ምናልባትም መልህቅ ጥሎ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ ከእነዚህ ጋር የሚያምታታ ሌላ መብራት እንዳይበራ ይከለክላል። በዓል ሲሆን ግን ሰው ጀልባውን በመብራት ያንቆጠቁጣል። አንድ ምሽት ከአፍንጫ እስከ ጅራት በአረንጓዴ አምፖል የተጠቀለለች ጀልባ ወደ መስመሩ ስትመጣ አየን። ውብ ናት። ግን ወዴት እንደምትሄድ ማናችንም መናገር አልቻልንም። ባልደረባዬ «እየመጣች ነው» ይላል፣ እኔ «አይ፣ እየሄደች ነው» እላለሁ። ለካ ቆማ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፦ ጌጡ ቀይና አረንጓዴ እንዳይሆን፤ ደግሞም ሲመለሱ ይጥፋ።

የመተላለፊያ ደንቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይዞራሉ። ከተጠላለፉ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ነው የሚያሳልፈው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ ከዚያ መስመር መውጣት ለማይችል ትልቅ መርከብ እንቅፋት መሆን የለበትም። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን የተጻፈው ሁለት ጀልባ ሲገናኝ ብሎ ነው። በየአቅጣጫው ሠላሳ ጀልባ ሲኖር አንዱን ስታሳልፍ ሌላው ላይ ትወጣለህ። በዚህ ጊዜ የሚያድንህ «ቅድሚያ የኔ ነው» የሚለው ሳይሆን ቀስ ማለት ነው። ደንቡ ራሱ ስለ ጥንቃቄ ፍጥነት ሲናገር ተመጣጣኝ ርቀት ላይ መቆም የምትችልበት ይሁን ይላል። በጨለማና በግርግር ያ ፍጥነት በጣም ትንሽ ነው።

ትልልቅ መርከቦችን በተመለከተ ተመልካቹ የማያውቀው ነገር አለ። ኮንቴይነር የጫነ መርከብ መምሪያ ክፍል ውስጥ የቆመ ካፒቴን ከመርከቡ አፍንጫ ፊት ያለውን ውኃ አያይም። ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ እስከ ሁለት የመርከብ ርዝመት ወይም እስከ 500 ሜትር፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ እንዳይታይ ይፈቅዳል። ስለዚህ «አይቶኛል፣ ያዘገያል» ብሎ ፊቱ የሚያቋርጥ ሰው ተሳስቷል። አላየውም። ቢያየውም እንዲህ ቶሎ መቆም አይችልም። እኛ የሚሻለው ብለን የያዝነው መርከቦች በዚያ ሰዓት እንዳይገቡና እንዳይወጡ ከወደቡ ኃላፊ ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ነው። ገንዘብ ይነካልና ክርክር አለው። ከርችቱ ማለቂያ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ግን አትልቀቁ። የቀረውን ተደራደሩበት።

ማየት ስል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1989 ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የልደት ድግስ የያዘችው ማርሺዮነስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ46 ላይ ቦውቤል በምትባል የአሸዋ ማውጫ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። 51 ሰው ሞተ። ምርመራው በሁለቱም በኩል በደንብ የሚያይ ዘብ እንዳልነበረ ነው ያገኘው። ቴምዝ ላይ ቋሚ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያዎች የተከፈቱት ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከነጂው ሌላ ዙሪያውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ጀልባችሁ ላይ መድቡ። ሌላ ሥራ አትስጡት። ፎቶም አያንሳ።

አሁን ወደ ጭነት። ጀልባ ላይ ስንት ሰው እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ አለ። በዓል ሲሆን ሰሌዳውን የሚያነብ የለም። «ልጆች ናቸው፣ ምን ይመዝናሉ» ይባላል። ክብደቱ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታም ነው። ላይኛው ወለል ላይ የወጣ ሰው ጀልባዋን ያንገዳግዳታል። ርችቱ በአንድ በኩል ሲሆን ሁሉም ወደዚያ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቺካጎ ውስጥ ኢስትላንድ የምትባል መርከብ ሠራተኞችን ለሽርሽር ጭና ገና ከወደብ ሳትንቀሳቀስ፣ እንደታሰረች በጎኗ ተጋደመች። 844 ሰው ሞተ። ዳር ላይ ታስራ እኮ ነው!

በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ነኝ። መግቢያው ላይ የሚቆመው ጀልባችን ከመጠን በላይ የጫነ ሲያይ ያስቆማል። ይጨቃጨቃሉ። አንዴ አንድ ጎልማሳ አሥራ ምናምን ሰው አሳፍረው መጡ፤ ጀልባቸው ስምንት ሰው ነው የምትችለው። «ጋሼ፣ ግማሹን እዚያ ማረፊያ ላይ ያውርዱልኝ» አልኳቸው። «ዘመዶቼ ናቸው፣ የትኛውን ላውርድ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ምርጫውን ለሳቸው ትቼ ገመዱን ያዝኩላቸው። ቅር ብሏቸው አወረዱ። የወረዱት እግረኛ ሆነው ከዳር አዩ፤ የተሻለ ቦታ ያገኙት እነሱ ናቸው ብዬ አስባለሁ። አዘጋጆች፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ከመግቢያው አጠገብ ሰው የሚወርድበት ማረፊያ አዘጋጁ። አውርድ ብሎ የሚያወርድበት ቦታ ማሳጣት ተገቢ አይደለም።

ልጆች ላይፍ ጃኬት ይልበሱ፤ ወንበር ስር የተቀመጠ ጃኬት ጃኬት አይደለም። በልካቸው ይሁን። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ሲመለሱ ደግሞ ታች ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ባይተኙ እመርጣለሁ። ኦይስተር ቤይ ላይ የሞቱት ልጆች ውስጥ ነበሩ።

ሞገድን ሰው አቅልሎ ያየዋል። ጀልባ ኋላዋ የምትተወው ሞገድ ትልቅ የሚሆነው በጣም ስትፈጥን ነው ይባላል። ልክ አይደለም። ከሁሉ የከፋው መሃል ላይ ያለው ፍጥነት ነው፤ አፍንጫዋን ሰቅላ ጅራቷን ውኃ ውስጥ ቀብራ ስትጎተት። «እኔ እኮ ቀስ እያልኩ ነበር» የሚሉት እነዚህ ናቸው። ወደብ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። ሞገዱ ተጋጭቶ ይመለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሲገናኙ ውኃው ያለ ንፋስ ይናወጣል። ያኔ ዝቅ ያለች፣ የተጫነች ትንሽ ጀልባ ከኋላዋ ውኃ ትቀዳለች። ትእዛዛችን አንድ ነው፦ ነዳጅ ሳይጨመርለት ሞተሩ በራሱ በሚያስኬደው ዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ።

መልህቅ ላይ አጭር ምክር። የሚለቀቀው ገመድ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ይሁን። 6 ሜትር ጥልቀት ከሆነ 30 ሜትር። ቦታ ጠቦ ገመድ ያሳጠረ ሰው ንፋስ ሲነሳ መልህቁ ይጎተታል፤ ጎረቤቱ ላይ ይሄዳል። ክፍሎቹን ስትሸነሽኑ ለዚህ ዙሪያ ቦታ ተዉ። ካርታ ላይ ሃምሳ ጀልባ የሚይዝ የሚመስለው ክፍል በእውኑ ሲታይ ግማሹን ቢይዝ ነው።

ብዙ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተሳስረው ሲቆሙ ደግሞ ሞተርና ጄኔሬተር ይጥፋ። የአንዱ ጭስ የሌላው ክፍል ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው ምልክቱ፤ ሰው ደግሞ «ጀልባው አዙሮት ነው» ወይም «ጠጥቶ ነው» ብሎ ያስተኛዋል። ወደ አየር አውጡት።

ሬዲዮን በተመለከተ፣ ቻናል 16 የጥሪና የአደጋ ነው፤ በዓለም ሁሉ 156.8 ሜጋኸርዝ። ለሥራ ሌላ ቻናል ያዙ። ጥበቃዎቹ ሁሉ እዚያ ይሁኑ፤ አንድ ሰው ግን 16ን ብቻ ያዳምጥ። ሞባይል ላይ አትተማመኑ። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰበሰብና ሁሉም ቪዲዮ ሲልክ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። የማረፊያ ቦታዎችን በቁጥር ጥሩ፤ ቁጥሩም ከውኃ ላይ እንዲነበብ በትልቁ ይጻፍ። አንዱን ማረፊያ አንዱ «የድሮው»፣ ሌላው «የነዳጁ» ሲለው አምቡላንስ ሌላ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል።

ጡሩንባም አለ። አምስትና ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፅ ማለት «ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም፣ አደጋ አለ» ማለት ነው። በዓል ላይ ግን ሁሉም ሰው በደስታ ጡሩንባ ይነፋል። ማስጠንቀቂያው በጩኸቱ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጥበቃዎቹ ከጡሩንባ የሚለይ ሳይረን ይያዙ። ለሕዝቡም ጡሩንባ የሚነፋበት ደቂቃ ወስኑለት፤ ርችቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ፣ በቃ።

ርችቱ የሚተኮሰው ብዙውን ጊዜ ባርጅ ከሚባል ጠፍጣፋ ተንሳፋፊ ላይ ነው። ዙሪያውን ማንም የማይገባበት ክልል የሚወስነው የርችቱ መጠን ነው። በአሜሪካ የታወቀው ደረጃ ለእያንዳንዱ ኢንች የርችት ስፋት 70 ጫማ ይላል፤ ለ6 ኢንች ርችት 420 ጫማ፣ 128 ሜትር ገደማ ይሆናል። እኛ ንፋሱ በሚነፍስበት በኩል እንጨምርበታለን፤ ፍንጣሪው ወደዚያ ነው የሚወርደው። ዋናው ነገር ግን ተኩሱን ማስቆም የሚችል አንድ ሰው መኖሩ ነው። ስሙ ይታወቅ። ከተኳሹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ሬዲዮ ይኑረው። «አቁም» ሲል ማንም «የክብር እንግዶቹ እያዩ ነው» እንዳይለው ቀድሞ ይነገር። አንድ ካያክ ክልሉ ውስጥ ገብቶ ተኩሱን ለአሥር ደቂቃ አስቁመን እናውቃለን። ሕዝቡ አፏጨብን። ይፉጭ።

ከምሽቱ ሁሉ ብዙ ሥራ የሚያበዛብን ግን ርችትም ግጭትም ሳይሆን ባትሪ ነው። ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ለሰዓታት ሙዚቃ ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፣ ማቀዝቀዣ ያሠራል። መውጫው ሲደርስ ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ ክፍል 2 እየወጣ ሳለ አንዲት ጀልባ መልህቋን ነቅላ ከጨረሰች በኋላ ሞተሯ እምቢ አለ። የውኃው ፍሰት ቀስ እያለ ወደ መተላለፊያው ወሰዳት። መብራቷም ከባትሪው ጋር ደክሞ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ከኋላዋ የሚመጡት አያዩዋትም። ሴትየዋ መሪው አጠገብ ቆማ ቁልፉን ደጋግማ ታዞራለች። «እህቴ፣ ቁልፉን ተይው፤ መልህቁን መልሰሽ ጣይው!» ብዬ በድምፅ ማጉያ ጮህኩ። ጣለችው። ጀልባዋ ቆመች። ገመድ ወርውረን ወደ ዳር ጎተትናት። መጎተቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መልህቁ ባይጣል ግን ሰልፉ መሃል ነበር የምትገኘው።

ከዚህ የመጣ ልማድ አለን። ርችቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አስተዋዋቂው «መልህቅ ሳትነቅሉ ሞተራችሁን ሞክሩ» ይላል። ያልተነሳለት ባለበት ይቆይና መብራቱን ያርገብግብ። እኛ ከሁሉ መጨረሻ እንመጣለታለን። አስነስተው ከሞከሩ በኋላ መልሰው እንዲያጠፉ መንገርም አትርሱ፤ ካልሆነ ሞተር ያስነሳ ሁሉ መሄድ ያምረዋል።

ሰው ውኃ ውስጥ ከወደቀ አንድ ሰው ጣቱን ወደሱ ቀስሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይቁም። በጨለማ ጭንቅላት ቶሎ ይጠፋል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ አጠገቡ ስትደርሱ ሞተሩ ይጥፋ፤ ፕሮፔለሩ ሳይዞር ነው ሰው የሚወጣው። ዘሎ የሚገባ ጀግና አያስፈልግም። ከዚያ ሁለት ሰው ነው የምትፈልጉት።

ሁሉም ከወጣ በኋላም ሥራ አለ። የገቡትን ጀልባዎች ዝርዝር ከወጡት ጋር እናስተያያለን፤ የጎደለ ካለ እስክናገኘው አንተኛም። ጠዋት በብርሃን አንድ ጀልባ ዞሮ የተረፈውን ምልክትና ገመድ ይለቅማል። ያልፈነዳ ርችት ተንሳፍፎ ይገኛል። ኳስ መስሎ ታይቶት ልጅ ሊያነሳው ይችላል። በእጅ አይነካም፤ ወደ ጀልባም አይገባም። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ተኳሾቹን ጥሩ፤ እስኪመጡ አንድ ጀልባ ከራቅ ብሎ ይጠብቀው። ስለዚህ ከተኳሾቹ ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ ጠዋት ድረስ እንዲቆዩ አስገቡ፤ ማታውኑ ዕቃቸውን ጭነው መሄድ ይወዳሉ።